ጎረቤት የሰፈሩን ቀጭን መንገድ በቆርቆሮ በር ቢዘጋውስ?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ድሬዳዋ፣ መጋላ በኩል ነው። ከሰፈራችን ወደ ከፊራ ገበያ የሚያወጣ ቀጭን የእግር መንገድ አለ። ባጃጅ አያስገባም፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያሳልፋል። ከልጅነቴ ጀምሮ የምንመላለስበት ነው። ባለፈው ወር በመንገዱ ግራና ቀኝ ይዞታ ያለው ጎረቤታችን ሁለቱንም ጫፍ በቆርቆሮ በር ዘጋው። ስንጠይቀው ሌባ በዛ፣ ሰፈሩ ፈርሟል፣ ቀበሌም ያውቀዋል፣ በዋናው መንገድ ዞራችሁ ሂዱ ይለናል። ዙሩ ለእኔ ምንም አይደል፤ እናቴ ግን በምርኩዝ ነው የምትሄደው። የእግር መንገድ እንዲህ መዝጋት ይቻላል? ማዞርስ? እንግሊዝ አገር ያለው ወንድሜ እዚያ ማስታወቂያ ሳይለጠፍ የእግር መንገድ አይዘጋም ይለኛል። እኛ አገር ሕጉ የለም ማለት ነው? የሰፈሩ ልጆች ደግሞ በሩን እንንቀለው እያሉ ነው።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። መንገዱ የሕዝብ ከሆነ ጎረቤትዎ ሊዘጋው አይችልም። ሰፈርተኛው ቢፈርምለትም አይችልም። ቀበሌውም ለብቻው አይችልም። መዝጋትም ሆነ ማዞር የከተማው ሥልጣን ነው። ከተማውም ቢሆን ፕላኑን በሥርዓቱ አሻሽሎ ነው እንጂ በቃል አይሆንም።

በመሬትና በፕላን ክርክር ውስጥ ስሠራ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ሰው እንዲህ ባለ ጉዳይ የሚሸነፈው ሕግ ጎድሎ አይደለም። መንገዱ መንገድ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ሳይዝ ጭቅጭቅ ስለሚጀምር ነው። እርስዎ «ከልጅነቴ የምሄድበት ነው» ይላሉ። ጎረቤትዎ «የኔ ግቢ ነው» ይላል። ቢሮ የተቀመጠው ባለሙያ ደግሞ ሁለታችሁንም አያውቃችሁም። የሚያየው ፊቱ ያለውን መስመር ነው። ስለዚህ ከወረቀት እንነሳ።

የራስዎን የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ያውጡ። ብዙ ሰው ካርታው ላይ የሚያየው ስሙንና ካሬ ሜትሩን ብቻ ነው። አዋሳኞቹን ያንብቡ። በሰሜን እገሌ፣ በደቡብ እገሊት፣ በምሥራቅ መንገድ እያለ ይዘረዝራል። ያቺ «መንገድ» የምትል አንዲት ቃል ከብዙ ምስክር ትበልጣለች። ቤትዎ ቀጭኑን መንገድ የሚነካ ከሆነ በዚያ ጎን ምን እንደተጻፈ ይመልከቱ። የእርስዎ የማይነካ ከሆነ የሚነካውን ጎረቤት ፈልገው ካርታውን እንዲያሳይዎት ይለምኑት። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የዘጋው ሰውዬ ካርታ ነው። ግራና ቀኝ ሁለት ይዞታ ካለው፣ በአንደኛው ካርታ በምዕራብ፣ በሌላኛው በምሥራቅ «መንገድ» ተብሎ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ከሆነ የራሱ ካርታ መሰከረበት ማለት ነው፤ ሌላ ብዙ መድከም የለም።

የቆዩ ካርታዎች ሥዕላቸው በእጅ የተሳለ፣ ልኬታቸውም በግምት የተያዘ ሊሆን ይችላል። አዲሶቹ ግን የእያንዳንዱን ማዕዘን የኤክስና የዋይ ነጥብ ይዘዋል። ነጥቡ ካለ ቀያሽ መጥቶ ችካል ይተክላል፤ በሩ በማን መሬት ላይ እንደቆመ ያኔውኑ ይለያል። የቀበሌ ቤት ተከራይ ከሆኑ ደግሞ በስምዎ ካርታ አይኖርም። የኪራይ ውልዎን ይያዙ። ቤቱን የሚያስተዳድረው አካል ራሱ የይዞታው ባለቤት ስለሆነ እሱም አቤት እንዲል ማድረግ ይቻላል።

ቀጥሎ ወደ መሬትና ፕላን ቢሮው ይሂዱና የሰፈሩን የመንገድ መስመር የሚያሳይ የፕላን ኮፒ ይጠይቁ። በቃል አይጠይቁ። ማመልከቻ ይጻፉ፤ ገቢ ያስደርጉ፤ ኮፒዎ ላይ ቁጥርና ቀን ያስመቱ። «ነገ ተመለሺ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር የሌለው ወረቀት ይዞ ለሄደ ሰው ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1444 ጀምሮ ለሕዝብ አገልግሎት ስለዋለ የመንግሥት ንብረት ይናገራል። መንገዶችና ጎዳናዎች እዚያ ውስጥ ይወድቃሉ። ሕጉ መንገዱ ስም አለው ወይ፣ ኮብልስቶን ተነጥፎበታል ወይ፣ መኪና ያስገባል ወይ ብሎ አይጠይቅም። ሕዝብ እንዲጠቀምበት የተተወ መሆኑ ይበቃል። አንቀጽ 1454 እንዲህ ያለ ንብረት ከሕዝብ አገልግሎት መውጣቱ ካልታወጀ በቀር ለሌላ ሰው አይተላለፍም ይላል። አንቀጽ 1455 ደግሞ ዘመን በማስቆጠር ባለቤት መሆን አይቻልም ይላል። ይህ ሁለተኛው ለእርስዎ ትልቅ ነገር ነው። ጎረቤትዎ በሩን ገጥሞ ሃያ ዓመት ቢቀመጥ እንኳ መንገዱ የእሱ አይሆንም። መሬት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ማንም ያለው የይዞታ መብት ነው፤ የይዞታው ወሰን ካርታው ላይ ያልቃል።

መንገዱ በእውነት በእሱ ካርታ ውስጥ ቢገኝስ? ይህም ይገጥማል። የድሮ ግቢ ለልጆች ሲከፋፈል መሐሉ ላይ መተላለፊያ ይቀራል፤ ከጊዜ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ይለምደዋል። ያኔ ክርክሩ መልኩን ይቀይራል። ነገሩ የሕዝብ መንገድ መሆኑ ይቀርና ሕጉ የንብረት አገልግሎት የሚለው ይሆናል፤ አንድ ይዞታ ለሌላው ይዞታ ጥቅም የሚሸከመው ግዴታ ማለት ነው። ከአንቀጽ 1359 ጀምሮ ያገኙታል። በውል ወይም በመዝገብ ካልተደገፈ ማስረዳቱ ከባድ ነው። ቤቱ ሌላ መውጫ የሌለው ሰው ግን የተሻለ መብት አለው። መውጫ ያጣ ባለይዞታ በጎረቤቱ በኩል መተላለፊያ እንዲሰጠው መጠየቅ ይችላል፤ ካሣ ይከፍል ይሆናል እንጂ አይከለከልም። የእርስዎ ቤት በዋናው መንገድ በኩልም ስለሚወጣ ይህ መብት ብዙም አይረዳዎትም። ለዚህ ነው አዋሳኙን ያንብቡ ብዬ የምወተውትዎት።

መንገዱ የሕዝብ ነው ብለን እንቀጥል። በሕግ እንዴት ይዘጋል? መነሻው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ነው። ከተማ የሚመራው በመዋቅራዊ ፕላን ነው፤ ዕድሜውም 10 ዓመት ነው። ከሥሩ ለየሰፈሩ ዝርዝር የያዘ የአካባቢ ልማት ፕላን ይኖራል። ውስጥ ለውስጥ መንገዶች የሚታዩት በዚህ በዝርዝሩ ላይ ነው። መንገድ መዝጋት ማለት ይህን ፕላን መቀየር ማለት ነው። ፕላን ሲቀየር ጥናት ይቀርባል፣ ነዋሪው ይወያያል፣ ፕላኑን የማጽደቅ ሥልጣን ያለው አካል ያጸድቃል። የቀበሌ ሊቀ መንበር በስልክ «እሺ» ያለው ፕላን አይቀይርም። ማኅተም ያረፈበት የቀበሌ ደብዳቤም ቢሆን አይቀይርም። ቀበሌው ማድረግ የሚችለው ጥያቄውን ተቀብሎ ወደሚመለከተው ማስተላለፍ ነው።

ማዞር ደግሞ ከመዝጋት ይከብዳል። አዲስ መንገድ መሬት ይፈልጋል። መሬቱ የሰው ይዞታ ከሆነ በሕገ መንግሥቱም፣ ለሕዝብ ጥቅም መሬት ስለማስለቀቅ በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም ካሣ አለው። ስለዚህ «አዞርነው» ሲባል ብዙ ጊዜ አዲስ መንገድ ተከፍቶ አይደለም። ቀድሞ የነበረውን ሌላ መንገድ በጣት ማሳየት ነው። ጎረቤትዎ ያደረገውም ይህንኑ ነው። ያ ማዞር አይባልም፤ መዝጋት ነው። በእኔ እምነት ማዞር የሚባለው አዲሱ መተላለፊያ ተጠርጎ፣ ተነጥፎ፣ ሰው ሲሄድበት ከታየ በኋላ የድሮው ሲዘጋ ብቻ ነው። መጀመሪያ ዘግቶ «እንሠራላችኋለን» ማለት ድሬዳዋ ውስጥም ሌላ ቦታም አያዋጣም።

የእናትዎ ጉዳይ እዚህ ላይ ይገባል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት ሲናገር መንገድን በስም ይጠቅሳል። አቤቱታዎ ላይ «እናቴ ትቸገራለች» ብለው አይለፉት። ዙሩን ይለኩት። ስንት ሜትር እንደሚረዝም፣ የት ላይ ደረጃ ወይም ክፍት ቦይ እንዳለ፣ የት ላይ ከባጃጅ ጋር እንደሚጋፉ ይጻፉ። በስልክዎ ቪዲዮ ይቅረጹት። ባለሙያ ለልመና ሳይሆን ለሜትር መልስ መስጠት ይቀለዋል።

የድሬዳዋን ነገር ስናነሳ ውሃውን መርሳት አይቻልም። የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው እየረገጠው ይሻገራል። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ከደጋው ነው፤ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ወንዙ ሞልቶ ሊገኝ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ250 ሰው በላይ ገድሏል። ከዚያ ወዲህ በወንዙ አቅራቢያ ያለ ማንኛውም ቀጭን መንገድ ለእኔ ሁለት ሥራ አለው። አንዱ የዝናብ ውሃ ማሳለፍ ነው። ሌላው በጨለማ የሚሸሽ ሰው መውጫ መሆን ነው። የቆርቆሮ በር ሁለቱንም ያጨናግፋል። ከሥሩ ቆሻሻ ይይዛል፣ ውሃ ይገድባል፣ ቁልፉ ደግሞ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ሰፈርዎ ለወንዙ ቅርብ ከሆነ ይህን አቤቱታው ላይ ከላይ ያድርጉት። እሳትም እንዲሁ ነው፤ የእሳት አደጋ መኪና በማይገባበት ሰፈር ቱቦውን ጎትቶ የሚያስገባው በዚያው ቀጭን መንገድ ነው።

ፊርማውን እንይ። ድሬዳዋ ላይ ሰፈር ተሰብስቦ ቃለ ጉባኤ ይዞ መፈራረም የተለመደ ነው። ጥሩ ባህል ነው፤ ጥበቃ የሚቀጠረው፣ መብራት የሚገባው፣ ቦይ የሚጠረገው በዚህ ነው። ነገር ግን ቃለ ጉባኤ የፈረመውን እንጂ ያልፈረመውን አያስርም። የመንገዱ ተጠቃሚ ደግሞ የሰፈሩ ሰው ብቻ አይደለም። ከከፊራ ዕቃ ተሸክማ የምትመለሰው ሴትዮ፣ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ፣ ለሶላት መስጊድ የሚሮጠው ሽማግሌ ሁሉ ተጠቃሚ ናቸው። እነሱን ማን አስፈረማቸው? ደግሞ የፊርማውን ወረቀት ያሳዩኝ ይበሉት። አቦ፣ አርባ ሰው ፈርሟል የተባለበት ወረቀት ሲገለጥ ግማሹ የአንድ ቤት ቤተሰብ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ሌላው ደግሞ «ለጥበቃ መዋጮ መስሎኝ ነው የፈረምኩት» ይልዎታል።

ሌባ በዛ ማለቱን ግን አልንቅበትም። ቀጭን መንገድ ማታ ማታ ያስፈራል። ስልክ የተነጠቀ ሰው በሩን ቢደግፍ አይፈረድበትም። መፍትሔው መብራት፣ ጥበቃ፣ የወደቀ አጥር ማስተካከል ነው። በሩ የግድ ነው ከተባለ፣ ማታ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ የሚዘጋ፣ ቁልፉ ጥበቃው ጋር የሚቀመጥ፣ ቀን ቀን ወለል ብሎ የሚከፈት በር ላይ መስማማት ይቻል ይሆናል። ይህም ቢሆን መብት መገደብ ስለሆነ ከከተማው በጽሑፍ መፈቀድ አለበት። በዚህ ላይ ጎረቤትዎን ቀድመው ቢያነጋግሩት አይከፋም። ሽማግሌ ይዘው ሄደው «ቀን ቀን ክፈትልን» ሲሉት እሺ የሚል ሰው ሞልቷል። በሁለቱም በኩል ይዞታው የሱ መሆኑ ግን ትንሽ ያጠራጥረኛል። ዛሬ በር፣ ነገ ጣሪያ፣ ከነገ ወዲያ አንድ ትልቅ ግቢ እንዳይሆን።

ያ ጥርጣሬ ወደ ሌላ ጉዳይ ይወስደኛል። ቀጫጭን መንገዶች የሚጠፉት በቆርቆሮ ሳይሆን በምዝገባ ነው። በከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ ሕግ መሠረት ይዞታ በካዳስተር፣ ማለትም ወሰንን ከነልኬቱ በሚይዝ የመሬት መዝገብ፣ ይመዘገባል። ቀያሾች ሰፈር ሲገቡ ባለይዞታው ወሰኑን ያሳያል፤ አዋሳኞችም ይገኛሉ። የተረጋገጠው ውጤት ለሕዝብ ይለጠፋል፤ ተቃውሞ ያለው በተሰጠው ጊዜ ያቀርባል። ሰው ግን የተለጠፈውን አያነብም። የራሱን ስም ካየ ዞር ብሎ ይሄዳል። መንገዱን የሚዘጋው ሰውዬ «ይህ ለብቻው የማይለማ ቁራሽ መሬት ነው፣ ከይዞታዬ ጋር ይቀላቀልልኝ» ብሎ ካስገባውና ማንም ካልተቃወመ፣ ነገ የሚከራከሩት ከቆርቆሮ ጋር መሆኑ ይቀርና ከተመዘገበ ካርታ ጋር ይሆናል። ቁራሽ መሬትና መንገድ ይለያያሉ። ቁራሽ መሬት ማንም የማይሄድበት ጥግ ነው። ሰው የሚመላለስበት መተላለፊያ ቁራሽ አይባልም። ሰፈርዎ ተመዝግቦ እንደሆነ፣ እየተመዘገበ እንደሆነ፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይጠይቁ። ካልተመዘገበ መቃወሚያዎን አስቀድመው በጽሑፍ ያስገቡ።

አሁን ወደ አቤቱታው። መጀመሪያ ለመሬትና ፕላን ቢሮው ይጻፉ፤ ግልባጩን ለቀበሌው ያድርጉ። ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቁ። አንድ፣ ይህ መንገድ በፕላኑ ላይ አለ ወይ? ሁለት፣ እንዲዘጋ የተሰጠ የጽሑፍ ውሳኔ አለ ወይ፣ ካለ ኮፒው ይሰጠኝ። ስለ ጎረቤትዎ ባህሪ፣ ስለ ድሮ ጠብ፣ ስለ ማን ዘመድ መሆኑ ምንም አይጻፉ። ውሳኔ ከሌለ ደንብ አስከባሪ በሩን እንዲያስነሳ ይጠይቃሉ። ውሳኔ ካለ ደግሞ ሌላ በር ይከፈትልዎታል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የድሬዳዋ አስተዳደር ተቋማትንም ይመለከታል። በዚህ አዋጅ ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ መሰጠት አለበት፤ የሚነካው ሰውም ሊሰማ ይገባል። ይህ ካልተደረገ መጀመሪያ ለተቋሙ ቅሬታ ሰሚ፣ ቀጥሎ ለፍርድ ቤት ክለሳ ይኬዳል። የክለሳው ጊዜ አጭር ነው። ውሳኔውን ባወቁ ማግስት ጠበቃ ያማክሩ፤ ሳምንት አያሳድሩት። የእንባ ጠባቂ ተቋምም አለ። የሚሰጠው ምክረ ሐሳብ ነው፤ ቢሆንም ዝም ያለ ቢሮን ለማናገር ይጠቅማል።

በጎረቤትዎ ላይ ቀጥታ የሚቀርበው ክስ ደግሞ ሁሉም የሚያውቀው የሁከት ይወገድልኝ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1149 ነው። ይዞታው ላይ ሁከት የተፈጠረበት ሰው ሁከቱ እንዲቆምና ኪሣራ እንዲከፈለው ይጠይቃል። ተከሳሹ ድርጊቱን የሚደግፍ መብት እንዳለው ወዲያውኑና በማያሻማ መንገድ ካላስረዳ ፍርድ ቤቱ ሁከቱ እንዲወገድ ያዛል። ፈጣን ክስ ነው። ገደቡ ግን ሁከቱ ከተፈጠረበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው። በሩ የተገጠመበትን ቀን ማስረጃ ዛሬውኑ ይያዙ። ፎቶ ያንሱ፣ ቆርቆሮውን የገጠመው ብየዳ ሠራተኛ ማን እንደሆነ ይጠይቁ፣ ያዩ ሰዎችን ስም ይያዙ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ጎረቤትዎ «መንገዱ የሕዝብ ነው ካልሽ አንቺ ምን አገባሽ?» ብሎ ሊከራከር ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 33 ከሳሽ በጉዳዩ ላይ ጥቅም እንዲኖረው ይጠይቃል። ቤትዎ በዚያ መንገድ ላይ በር ካለው ክርክሩ ለእርስዎ ይቀላል፤ የቤትዎ መግቢያ ተነክቷል። በር ከሌለው በዚያ መንገድ ላይ የቤት በር ያለውን ሌላ ጎረቤት አብረው ያስገቡ። ብዙ ሆናችሁ ከመጣችሁ አንቀጽ 38 በፍርድ ቤቱ ፈቃድ አንዱ ለሌላው ወክሎ እንዲከስ ይፈቅዳል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 37 ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸው ሰዎች በቡድን ፍትሕ መጠየቅ እንደሚችሉ ይደነግጋል። ክሱ እስኪያልቅ በግንብ እንዳይተካው እግድ ይጠይቁ። ድሬዳዋ ላይ የፌዴራል ፍርድ ቤትም የከተማ ፍርድ ቤትም ስላለ የትኛው እንደሚያየው የፍርድ ቤቱን ሬጅስትራር ሳይጠይቁ ገንዘብ አይክፈሉ። የፕላን አፈጻጸም ክርክርና የጎረቤት ሁከት ክርክር መንገዳቸው ሊለያይ ይችላል።

በነገራችን ላይ፣ ስለ ድንኳን የሚጠይቁኝ አሉ። ሰርግ ወይም ለቅሶ ሲኖር ድንኳን መንገዱን ይዘጋል፤ ሕገወጥ ነው ወይ ይሉኛል። ጊዜያዊ ነገር ነው። ቀበሌው ሲያውቀው፣ በጎን ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ሲተውና በቀኑ ሲነሳ ማንም አይከስም። እኔም አልመክርም። የለቅሶ ድንኳን የሚከስ ሰው ነገ ማን ሊቀብረው ነው!

ይህ ሁሉ ሐረር፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ በጁገል ውስጥ ቢሆን ሌላ ሕግ ይደረብበታል። ጁገል በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የተመዘገበው ግንቡና አምስቱ ጥንታዊ በሮች ብቻ አይደሉም፤ ከነመስጊዶቹ፣ አዋች ከሚባሉት የቅዱሳን መዘከሪያዎች፣ ከነቀጫጭን መንገዶቹ ነው። ሐረሪዎች ኡጋ የሚሏቸው እነዚያ መተላለፊያዎች የከተማው መልክ ናቸው። ከመኪና ግርግር ወደ ውስጥ ሲታጠፉ የሚያገኟቸው ሁለት ሰው በትከሻ የሚተላለፍባቸው ኡጋዎች አንዱ ቢዘጋ የሚጎዳው ጎረቤት ብቻ አይደለም፤ ቅርሱም ነው። ስለዚህ እዚያ ከፕላኑ በተጨማሪ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። ለቅርስ በተከለለ ቦታ ግንባታ የሚያካሂድ ሰው የቅርስ ተቋሙን ፈቃድ ይጠየቃል። ማስፋትም እንደ መዝጋቱ ነው። «መኪና እንዲገባ ትንሽ እናስፋው» የሚሉ ሰዎች ይህን አያስቡትም። ሐረር የክልል መንግሥት ከተማ ስለሆነ ደግሞ ቅድም ያልኩት የፌዴራሉ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ እዚያ አይሠራም። ቅሬታው በክልሉ መዋቅርና በክልሉ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የፕላን አዋጁና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ለሁለቱም ከተሞች አንድ ናቸው።

ወንድምዎ ልክ ነው። እንግሊዝ ውስጥ የሕዝብ የእግር መንገዶች በይፋ ካርታ ላይ ይሰፍራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1949 በወጣ ሕግ የተጀመረ ነው። የመዝጋቱና የማዞሩ ሥርዓት ደግሞ በ1980 በወጣው የአውራ መንገዶች ሕግ አንቀጽ 118 እና 119 ተቀምጧል። ለመዝጋት መንገዱ ለሕዝብ የማያስፈልግ መሆኑ መታየት አለበት። ለማዞር አዲሱ መንገድ ለሕዝብ ከድሮው በጉልህ የማይመች መሆን የለበትም። ማስታወቂያው ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ መንገዱ ጫፍና ጫፍ ላይም ይለጠፋል። ተቃውሞ ለማቅረብ ቢያንስ 28 ቀን ይሰጣል። እኛ ጋ በዚህ ስም የተጻፈ አንድ ሕግ የለም። ሕጉ ግን አለ፤ ቅድም እንዳዩት በፍትሐ ብሔሩ፣ በፕላኑ፣ በምዝገባውና በአስተዳደር ሥነ ሥርዓቱ አዋጆች ተበታትኗል። ከእንግሊዞቹ ብዋስ የምወስደው ያንን ጫፍና ጫፍ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ነው። ርካሽ ነው። አቤቱታዎ ላይ «ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት በመንገዱ ሁለት ጫፍ ማስታወቂያ ይለጠፍ» ብለው ቢጠይቁ የሚከለክልዎት የለም።

የቀረው የልጆቹ ነገር ነው። በሩን አይንቀሉት። አንቀጽ 1148 ባለይዞታ ሁከትን በኃይል የመከላከል፣ የተነጠቀውንም ያኔውኑ የማስመለስ መብት ይሰጣል። ያኔውኑ ማለት ቆርቆሮው ሲገጠም ማለት ነው። ወር ካለፈ በኋላ ብየዳ ይዞ መሄድ መከላከል አይባልም። ያኔ ንብረት አወደሙ ተብለው ፖሊስ ጣቢያ የሚውሉት እነሱ ናቸው። እርስዎም የመንገዱን ክስ ትተው ዋስ ፍለጋ ይሯሯጣሉ። ጉልበታቸው የሚጠቅመው ለሌላ ነው። አንዱ ሜትር ይዞ ዙሩን ይለካ፣ አንዱ በሩን ቀንና ሰዓት ያለው ፎቶ ያንሳ፣ አንዱ ደግሞ ነገ ጠዋት ማመልከቻውን ይዞ ከእርስዎ ጋር ቢሮ ይሰለፍ።